ቮልሷን ዝቅ ያደረግን ዕለት

ባሌ ግራ እግሩን አጥቶ ከሰሜን ጦር ግንባር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለስ፣ አብሮት የዘመተው ታናሽ ወንድሙ መሞቱን ከእሱና ከእኔ በቀር በአገሩ የሚያውቅ አልነበረም። እናታቸው ከማጀቴ ወዲያ፣ አውቶቡስ በማይገባበት አሸዋማ የቆላ መንደር፣ ሁለቱንም ይጠብቃሉ።

«ከሰው አፍ አትሰማም፤ ራሴ ነኝ የምነግራት» አለኝ። በክራንች ግን ያን ሁሉ አሸዋ ማቋረጥ አይቻልም።

ከመዝመቱ በፊት መካኒክ ነበር። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተገልብጣ ጣሪያዋ የተጨፈለቀ ቮልስ ከዘመድ አገኘን። አካሏን ቆርጦ ጣለና ወለሏን፣ ሞተሯንና ሁለት ወንበር ብቻ አስቀረ። በግራ እግር ለሚረገጠው ፍሪሲዮን በእጅ የሚጎተት ብረት በየደለት። አሸዋ የማይውጣት ቀላል ነገር ሆነች። ነገር ግን ክብደቷ ሲቀንስ ኋላዋ ወደ ላይ ተነሣ፤ የኋላ ጎማዎቿም ከሥር ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የወጣን ቀን ከከተማው ሳንርቅ ኩርባ ላይ ተገለበጠች። የእኔ ትከሻ ወለቀ። እሱ በጀርባው ተዘርሮ ሰማዩን ያያል።

«እናቴ ዘንድ እንዳልደርስ ነው» አለ።

ትከሻዬ ሲሻለኝ፣ ዳግመኛ እንዳትገለበጥ የቮልሷን ኋላ ዝቅ ለማድረግ ተነሣን። እሱ መኪና ሥር መግባት ስላቃተው እኔ ገባሁ፤ እሱ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጦ ይመራኛል። ቮልስን ከኋላ የሚሸከማት በአግድም የተኛ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው፤ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ ያገለግላል። ጎማውን የያዘውን ጠፍጣፋ ብረት ከዘንጉ ጥርስ ማውጣት፣ ትንሽ ማዞር፣ መልሶ መግጠም ነው ሥራው።

«ፊትሽን አርቂ!» ብሎ ጮኸ። ብረቱ ከማረፊያው አምልጦ ጓ አለ።

«ተይው፣ ይቅር።»

«አይቀርም። ወዴት ላዙረው?»

«ወደ ላይ። አንድ ጥርስ ብቻ።»

በክሪክ ገፍተን መለስነው። ሌላኛውን ጎን ስንጨርስ ቀኙ ከግራው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ እንደገና ፈታነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። ደስታ ግን አልተሰማንም፤ ከእንግዲህ ለመቅረት ምክንያት አልነበረንም።

በማግስቱ ደረስን። እናቱ ከደጃቸው እየሮጡ መጡ። «አልሐምዱሊላህ! ውረድ እንጂ ልጄ፣ ምን ያስቀምጥሃል?»

ጭኑ ላይ የጣለውን ሽርጥ ገለጠ። ከግራ እግሩ የቀረውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላህ ነፍስህን አትርፎልኛል» አሉ። ቀጥለውም ቀና ብለው፣ «ታናሽህስ?»

መንገድ ሙሉ የሚነግራቸውን ቃል ሲያጠና ነበር። ራሱን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሳቸው ጎማው ሥር ተቀመጡ። «ኢና ሊላሂ...» ብለው የሐዘኑን ቃል ጀመሩ፤ መጨረስ ግን አልቻሉም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «አጥባችሁ፣ ከፍናችሁ ነው የቀበራችሁት?»

«አዎ፣ እማ። በእጄ።»

ስንመለስ አሸዋው መሐል ሞተሩን አጠፋ። «እዚያ የምንጠጣው ውኃ እንኳ አልነበረም እኮ፤ በምን አጥበዋለሁ?» አለኝ። አቀፍኩት።

ከዚያ በኋላ በቮልሷ እየሄደ እናቱን ይጠይቃቸው ነበር። ስለ ወንድሙ ግን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሡም።