ዱቄት፣ ክኒን ወይስ ጨው

ባሌ ህዳሴ ግድብ ላይ ለዓመታት ኤክስካቫተር ሲነዳ አንዲት ጠጠር እንኳ ሳትነካው ወጣ። ዳሌውን የሰበረው አሶሳ ገበያ አጠገብ የተገለበጠ ባጃጅ ነው። እስካሁን ሰው ሲጠይቀው «ማሽን ነው የሰበረኝ» ይላል እንጂ ባጃጅ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ከኋላው ሆኜ «ባጃጅ ነው» የምለው እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ አጥንቱ ተጠግኖ ከሆስፒታል ስንወጣ፣ እንቅስቃሴ የምታሠራው ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጣ ቁርጡን ነገረችን። በየቀኑ ውሃ ውስጥ ካልተራመደ ዳሌው ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ክራንቹን አይጥልም፣ ማሽን ላይም አይወጣም። ባሌ ያን ጊዜ ክራንቹን ያየበትን ፊት አልረሳውም። ማሽን ካልነዳ ምን ሆኖ እንደሚኖር እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አሶሳ ያለው ጓሯችን ውስጥ ገንዳ ይሠራ ተባለ። የቆፈረልን የባሌ የሥራ ጓደኛ ነው። «ትንሽ ገንዳ፣ ሰው ቆሞ የሚራመድባት» ብዬ በአፌም በእጄም አሳየሁት። ግድብ ሲቆፍር የኖረ ሰው ግን ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ገበያ ደርሼ ስመለስ ማንጎው ሥር ግማሹን ጓሮ የዋጠ ጉድጓድ ጠበቀኝ። ሁለቱ ጠርዙ ላይ ቆመው በኩራት ቁልቁል ያያሉ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ መውረጃው የብረት መሰላል ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በቦቴ ውሃ ተሞልቶ ሲለካ ባሌ አገጭ ላይ ይደርሳል።

«ጥልቅ አልሆነም?» አልኩ።

«ጥልቅማ አይደለም» አለ ጓደኛው። ከምን ጋር እያወዳደረ እንደሆነ ስለገባኝ ተውኩት።

ውሃው ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ሆነ። ቅጠል ይረግፍበታል፣ የሌሊት ወፍ የጋጠው ማንጎ ይወድቅበታል፣ ፀሐዩ ደግሞ ያፈላዋል። አዲስ አበባ ያለው የገንዳ ዕቃ ሻጭ ጋ ስንደውል ክሎሪን የማያገኝ ውሃ እንዲሁ ነው አለን፤ ምርጫችሁም ሦስት ነው፦ በእጅ እየተበጠበጠ የሚጨመር ዱቄት፣ በተንሳፋፊ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ የሚሟሟ ክኒን፣ ወይም ውሃው ውስጥ ከተጨመረ ጨው በኤሌክትሪክ ክሎሪን የሚያወጣ ማሽን።

ማሽን የሚለውን ሲሰማ ባሌ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ጨው ነው የሚሻለን» አለኝ። «መብራቱ እንደሆነ የራሳችን ነው።» የራሳችን ሲል ግድቡን ማለቱ ነው። ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ መብራት ጠፋ ብል አሳመርሽው ትሉኛላችሁ። የጠፋው ምሳ ከበላን በኋላ ነው።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ድሮ ባለ ሱቅ ነበሩ። አማርኛን የተማሩት በንግድ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት፤ እኔንም፣ ፍየላቸውንም። የጨዉን ነገር ስነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ከጨው መድኃኒት ይወጣል? ወላሂ እኔ ስንት ዘመን ጨው ሸጠ፣ ማንም አልነገረኝም!» ቀጥለው ደግሞ «አንተ ግን ይሄን ውሃ ጨው አታድርግ። ቧንቧ የጠፋ ቀን ሰው ምን ይቀዳል?» አሉኝ።

የመዋኛ ገንዳ እንጂ የሰፈር ጉድጓድ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትሕትና ሰሙኝ። አንድም ቃል እንዳልተቀበሉኝ ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

የማሽኑ ነገር በመብራት ምክንያት ሲቀር ባሌ ወደ ክኒኑ ዞረ። በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ዋለና ክኒኑም አይሆንም አለ። «ማንጎ ይወድቅበትና ተንሳፋፊውን ይገለብጠዋል።»

«እንደ ባጃጁ?» አልኩት።

ዱቄቱስ? ዱቄቱ ዓይን ያቃጥላል። «የምትራመደው በእግርህ ነው በዓይንህ?» ብዬ ብጠይቀው ደግሞ ወደ ጨው ማሽኑ ተመለሰ፤ ጄኔሬተር ቢገዛስ አለኝ። እንዲህ ሦስቱን እያዞረ ሲያማርጥ ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የማደርግለት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እግሩ አልታጠፍ ብሎታል። እኔ አጎንብሼ ሳደርግለት እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሐኪሟ ይደርቃል ያለችው ዳሌ ዓይኔ እያየ እየደረቀ፣ ይሄ ሰውዬ ስለ ማንጎ ያወራልኛል!

እልህ ያዘኝ። ሳላማክረው ዱቄቱን በአውቶብስ አስልኬ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጬ፣ ፀሐይ ስትበርድ ዙሪያውን እየዞርኩ ጨመርኩት። ጠረኑ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ «ቤቱን በሙሉ በበረኪና አጠበችው» አለ። አረንጓዴው ሞተ፤ ዝቃጩን ጠረግነው፣ በፓምፕ አጣራነው፣ ውሃው እንደ ብርጭቆ ጠራ። ታች የተለሰነው ሲሚንቶ ላይ ሠራተኛ የረሳው ሚስማር ሳይቀር ታየ።

ደስ ብሎኝ ጠራሁት። ቁምጣ ለብሶ ከላይ ጋቢ ደርቦ መጣ። ጠርዙ ላይ ቆሞ ወለሉን አየና ፕላስቲክ ወንበር ሳበ።

«ነገ» አለ።

በማግሥቱም ከነጋቢው መጥቶ ተቀመጠ፣ ነገ አለ። ከዚያ በኋላ መታገሥ አልቻልኩም። «አረንጓዴ ነው አልክ፣ ጠራ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለው? ሳሙና ልጨምርበት?» ብዬ ጮህኩበት።

«እኔ እኮ ውሃ እፈራለሁ» አለ፣ ሰው እንዳይሰማው ወደ አጥሩ እያየ። «ዋናም አልችልም።»

መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «አባይ ዳር ስንት ዓመት ኖረህ?»

«ማሽን ውስጥ ሆኜ ነዋ!»

እጁን ሳየው ግን ሳቄ ቆመ። የወንበሩን ክንድ እንዲህ አድርጎ ጨብጦ አይቼው አላውቅም፤ ሆስፒታል ውስጥ እንኳ። ለካ ዱቄት፣ ክኒን፣ ጨው ሲል የከረመው እንዳይገባ ነው። አንጀቴን በላኝ። «ታዲያ ውሃውን እስከ ወገብህ እንቀንሰው፤ ምን ችግር አለው?» አልኩት።

«ውሃ ልትደፊ? በዚህ ሰፈር?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ቧንቧ ሲያሻው የሚመጣ፣ ሲያሻው የሚጠፋ በሆነበት ሰፈር ውሃ መንገድ ላይ መልቀቅ ነውር ነው። በዚያ ላይ ለምን ደፋችሁት ሲሉን ፈርቶ ነው ልንል ነው? ሁለታችንም ውሃውን አየነው።

ያዳነን ቧንቧው ነው፤ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሲሆን በራችን ተንኳኳ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሌሎቹ። ውሃ ያለው ሰው በሩን ይከፍታል፤ ይኼ አይጠየቅም። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«እትዬ፣ በረኪናው የነጠላዬን ጥለት አያነጣብኝም?»

«ለመጠጥና ለወጥ አይሁን እንጂ ለልብስስ ምንም አይልም፤ እኔም እያጠብኩበት ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ባልዲ ቀድታ የባሏን ካናቴራ ነክራ አየችው። ሳይነጣ ሲቀር ነጠላዋን አመጣች።

ከዚያ በኋላ ባልዲ በገመድ እያወረዱ ጠዋት ማታ ቀዱ። ባሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያለው የውሃ መስመር ዝቅ ሲል ያያል። ለመቅዳት የመጣውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ይቅዱ እያለ ያስተናግዳል። አንድ ጠዋት ከቤት ስወጣ ጋቢው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሰውየው የለም። ሮጬ ብሄድ ውሃው ወገቡ ላይ፣ ሁለት እጁ መሰላሉ ላይ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው።

«አትጩኺ» አለኝ።

መሰላሉን ለቆ እንዲራመድ ያደረጉት ጎረቤቶቹ ናቸው። ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ይመጡና «ጋሼ፣ ትንሽ ወዲያ ይበሉልን፣ እንቅዳ» ይሉታል። ሰው አክባሪ ስለሆነ ወዲያ ይላል። ወዲያም ሲሄድ ሌላዋ በዚያ በኩል ባልዲዋን ትጥላለች፤ «ጋሼ፣ ወዲህ ይበሉ።» እንዲህ እያሉ ከዳር ዳር ሲያመላልሱት ይውላሉ። ሐኪሟ ካዘዘችው በላይ ሳይራመድ አይቀርም።

በመሀል የገንዳ ዕቃ ሻጩ ደወለ፤ ክሎሪኑን በራሱ ለክቶ የሚጨምር ማሽን መጥቷል አለኝ። «ውሃችሁ ስንት ሜትር ኪዩብ ነው?»

«ጎረቤት ሳይቀዳ ነው ከቀዳ በኋላ?»

«እትዬ፣ ያሠራችሁት የመዋኛ ገንዳ ነው አይደል?»

«ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ ነው» አልኩት። እንግዲህ በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ የሚል ውሃ የሚያውቅ ማሽን እንደሌለ እሱም አመነ። በእጅ የሚጨመረው ዱቄት ይሁንላችሁ አለ። ምርጫው ያኔ አለቀ፤ የሚቀዱት ቀድተው ሲሄዱ የቀረውን አይቼ፣ የክሎሪኑን መጠን በጠብታ መለኪያ ፈትሼ እበጠብጣለሁ።

ባሌ አንድ ጠዋት ካልሲዬን ስጪኝ አለና ራሱ አደረገው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ሲጠይቀኝ ክሎሪኑ ነው አልኩት።

ከዚያ ክረምት ገባ። የአሶሳ ዝናብ ሲጀምር ቀልድ አያውቅም። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣ የጣሪያውም የጓሮውም ጎርፍ ገብቶበት ገንዳው አፉ ድረስ ሞላ፤ ፓምፑ ውሃውን እንዳያስወጣ መብራት የለም፤ ቧንቧው ደግሞ ጊዜ መርጦ መጥቷል። ባሌ መስኮቱ ጋ ቆሞ አየውና ጋቢውን ለበሰ። ያን ጋቢ ሳይ ነገሩ ገባኝ። እንደገና ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ነው፤ ዳሌውም ክረምቱን ሙሉ ሊደርቅ ነው።

ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና በየበሩ አንኳኳሁ። «ኑ ቅዱልኝ።» ሁሉም በረንዳ ላይ በርሜሉ ሞልቶ ይፈስሳል። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ በርሜሏን አየች፣ እኔን አየች። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ወዲህ ይበሉ ወዲያ ይበሉ ስትለው ፍርሃቱን አውቃ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ጀሪካኗ ውስጥ የነበረውን ንጹሕ የቧንቧ ውሃ እዚያው ደፍታ ተከተለችኝ።

ዝናቡ ውስጥ ተሰልፈው ገቡ። የማያስፈልጋቸውን ውሃ እየቀዱ ከጓሮ በኩል ችግኝ ላይ ይለቃሉ። ሽማግሌው ልብሳቸው በስብሶ ለሶላት ውዱ የሚታጠቡበትን ማንቆርቆሪያ ይዘው መጡ። «አንድ ማንቆርቆሪያም ይቀንሳል» አሉኝ፣ ሞልተውም ቀና አሉ።

ውሃው ከአገጭ ወርዶ ደረት ላይ ሲደርስ ባሌ ጋቢውን ወንበሩ ላይ ጥሎ መሰላሉን ወረደ። መሀል ድረስ ሄደ። የሚይዘው ነገር አጠገቡ የለም። እጁን ወደ ጎረቤቶቹ አነሣ።

«ይበቃል» አለ። «እዚህ ድረስ ይሁን፤ እችለዋለሁ።»

ባልዲዎቹ ቆሙ። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያቸውን አዩና መልሰው ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። «እንግዲያው ይሄ ያንተ ነው» አሉት። እኔም ዝናብ የገባበት ውሃ ብዙ ክሎሪን እንደሚፈልግ ስለማውቅ ዱቄቱን ልለካ ገባሁ።