ሁለት ባልዲ ውሃ ለአንድ ተሳቢ

ይሄን የምጽፈው ስለ ሚስቴ ስለ ራይና ነው። መጻፍ ብዙም አልሆነልኝም። ግን ሰው እየጨማመረ ከሚያወራው፣ ያየሁትን እኔው ልንገር ብዬ ነው።

ራይና ሃያ ዓመት ሱሪ ስትሰፋ ነው የኖረችው። ከሰፈራችን በታች የነበረው ፋብሪካ የተዘጋ ቀን ሴቶቹ ሁሉ እያለቀሱ ወጡ። እሷ ቤት መጣች፣ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠችና፣ "ፔንቾ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ልሆን ነው" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፕሌቨን ከተማ ሄዳ ማሠልጠኛ ገባች፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ጎረምሶች ጋር ተቀምጣ ተማረች፣ መንጃ ፈቃዷን ይዛ ተመለሰች።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገና ከማሠልጠኛ የወጣ ሾፌር፣ ያውም ሴት፣ ያውም አርባ ያለፋት፣ ማን ይቀጥራል? የሄደችበት ሁሉ "እንደውልልሻለን" እያለ ሸኛት። በመጨረሻ እሺ ያላት ባይ ማኖል ነው፤ "ባይ" እኛ ጋ ታላቅ ሰው የሚጠራበት ነው። ዕድሜውን በመንገድ ላይ የጨረሰ ሽማግሌ ነው፤ አሁን የራሱ ሦስት ተሳቢዎች አሉት፣ ቤቱም ከእኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

"እስከ ቪየና አብሬሽ እሄዳለሁ" አላት። "እጄን ኪሴ ከትቼ እቀመጣለሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ መሪውን ከጨበጥኩልሽ ግን ስንመለስ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ። ተስማማን?"

"ተስማማን፣ ባይ ማኖል።"



የሚሄዱበት ቀን ጥር ውስጥ ነበር፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ተሳቢው በብልቃጥ የታሸገ የበርበሬ ድልህ እስከ አፉ ተጭኖ፣ እኛ ደጅ ዳገቱ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል። ከኋላው የሰፈሩ የውሃ ግንብ አለ፤ ሁላችንም የምንቀዳበት፣ አያቶቻችን የሠሩት። ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቷል። ጎረቤታችን ጼኮ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣

"ፔንቾ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሾርባ የምትሠራው አንተ ነህ ማለት ነው?" አለኝ።

"አንተን አልጋብዝህም፣ አትስጋ" አልኩት።

እኛ ጋ ሰው ረጅም መንገድ ሲወጣ፣ መንገዱ እንደ ውሃ እንዲፈስለት ተብሎ ከፊቱ ውሃ ይደፋል። አንዲት ትንሽ የመዳብ ማሰሮ፣ ውስጧ አበባ ጣል ተደርጎባት፣ በቃ። እናቴ ኔደልያ ወሩን ሙሉ "ሴት ልጅ ቤት የሚያክል ነገር ይዛ!" ስትል ነው የከረመችው። ያን ቀን ጠዋት ግን ሁለት ባልዲ ሙሉ ውሃ ተሸክማ ወጣች።

"እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?"

"አንተ ደግሞ! ማሰሮ ለሰው ነው። ይሄን የሚያክል አውሬ በአንድ ማሰሮ ምን ይሆናል?"

አንዱን ባልዲ ከፊት ጎማው ሥር ደፋች። ሁለተኛውን ደግሞ ወደ ኋላ ዞራ፣ "እነዚህም እንዳይቀየሙ" ብላ ትልልቆቹ ጎማዎች ሥር ገለበጠችው። ሰው ሳቀ፣ አሜን አለ።

ራይና መኪናውን መዞር ጀመረች። ጎማውን ሁሉ መታ መታ አደረገች፣ መብራቱን አየች፣ የሸራውን ገመድ አንድ በአንድ ጎተተች። ባይ ማኖል ጋቢና ውስጥ ሆኖ፣ "ያስተማሩሽን ሁሉ ጨርሺ፣ እኔ አልቸኩልም" አላት። ውሃው ግን ቸኩሏል፤ ጎማው ሥር በረዶ እየሆነ ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም።

እንደ ረጅም መንገድ ሾፌሮች ደንብ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ በሱፍ ካልሲ ገባች። ሞተሩን አስነሳች፣ ፍሬኑን ለቀቀች።

የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ። መኪናው ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ፣ ወደ ግንቡ ተንሸራተተ። ሴቶቹ ጮኹ። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ የባይ ማኖል እጅ ከኪሱ ወጣ። ግንቡን ረሳሁት። ዓይኔ ከዚያ እጅ ላይ አልነሳ አለኝ።

ራይና ፍሬኑን ያዘች። መኪናው ቆመ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ድምጿ ተሰማን፦

"ባይ ማኖል፣ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።"

"አንቺ ልጅ፣ ግንቡን ልንንደው ነው!"

"ኪስዎ አልኩ።"

እጁ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

በካልሲዋ እንዳለች ወረደች፣ ጎንበስ ብላ በረዶውን በባዶ መዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ እናቴን አየቻት። እናቴ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። "እኔ ነኝ! እኔ ገደልኩሽ ልጄ!"

"እማማ፣ ምድጃው ውስጥ አመድ አለ?" አለቻት ራይና። በቃ ይሄን ብቻ።

እናቴ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በእነዚያው ሁለት ባልዲዎች አመድ ይዛ መጣች። ጼኮም ከቤቱ አመጣ፣ ሳይቀልድ። ራይና አመዱን ከጎማው ፊት በእጇ በተነችው፣ ልክ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እንደምታሰምረው አድርጋ። ተመልሳ ወጣች።

ፋብሪካ እያለች ምሳ ሳደርስላት የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ያለ እግሯን አይ ነበር። የሌሎቹ የስፌት መኪና እንደ በረሃ ፈረስ ሲጋልብ፣ እሷ አንድ ጥልፍ፣ አንድ ብቻ፣ አስኪዳ ታቆመው ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። አሁን በዚያው እግር ሥር አርባ ቶን አለ።

ሞተሩ አልጮኸም። ዝቅ ብሎ አጉረመረመ። ጎማው የሚዞር አልመሰለኝም ነበር። ጎማው ላይ የተለጠፈች የአመድ ጓል አየሁ፤ ተነሳች፣ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች፣ ወዲያ ማዶ ዞረች። በረዶው እንደ ብርጭቆ እየተሰነጠቀ ያ ሁሉ ብረት በፊታችን አለፈ። ጼኮ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃያ ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ፣ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆምኩ ነው የሆንኩት።

ላይ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ፣ ከወዲያኛው መስኮት ሁለት እጆች ወጡ። የባይ ማኖል ናቸው። ባዶ፣ ጣቶቹ ተዘርግተው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያይ።

"አየህ?" አለች እናቴ ክንዴን ጨብጣ። "ሁለቱም!"

ከቪየና ሲመለሱ ቁልፉን አልጠየቃትም። እናቴ ዛሬም ራይና በሄደች ቁጥር ውሃ ትደፋለች። ብርድ ከሆነ ግን በቡና ስኒ ነው።