ወደ ብሩህ ተስፋ የተሰለፉ ሙታን

ኒኪፎር ታባኮቭ ሠዓሊ ነበር። እንዲህ የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ እኛም ስለምናዝንለት አንቃወምም። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት፣ የቡልጋሪያ መንግሥት ሥነ ጥበብን እንደ ድንች እየመዘነ በሚገዛበት ዘመን፣ የዚህ ሰው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ግንቡ አልቆ ጣራ ያጣ ቤቱን ከድኖ ከአማቱ ሳሎን መውጣት።

ዕድል ቀናው። አዲሱ የባህል አዳራሽ «ሕዝቡ ወደ ብሩህ ተስፋ ሲገሰግስ» የሚል የግድግዳ ሥዕል አስፈለገው። ክፍያው በሰው ቁጥር ነው፤ ከራስ እስከ እግሩ የተሣለ ሰው ሙሉ ዋጋ፣ ጭንቅላት ብቻ ግማሽ። በሬና ፀሐይ ለአብዮቱ መዋጮ ናቸው፣ አይከፈልባቸውም። ስለዚህ ኒኪፎር የሣለው ማሳ ሰው ብቻ አበቀለ፤ ለስንዴው መቆሚያ ጠፋ።

ችግሩ የመልክ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ጣጣው ብዙ ነው፤ አንዱ «አፍንጫዬን አሳጥርልኝ» ይላል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ቀድሞ ካልቆመ ያኮርፋል። በአገሩ ልማድ በየበሩና በየመብራት ምሰሶው ግን የሟቾች ማስታወቂያ ከነፎቶው ተለጥፏል፤ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥርም ይታደሳል። ኒኪፎር እርሳሱን ይዞ ምሰሶ ለምሰሶ ዞረ። ሙት አያኮርፍማ!

በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ቀድመው የጮኹት ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ዝላታ ናቸው።

«ውይ፣ የኔ ፔትኮ! ትራክተር ላይ ምን ታደርጋለህ? ብስክሌት እንኳ የማትችል ሰውዬ!»

«ባንዲራውን የያዘው ያ መጠጥ የገደለው ስቶይኮ አይደል?» አለች ጎረቤታቸው።

«ተይው እባክሽ፣ ዛሬ እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

ሙታን ሁሉ በሚታሰቡበት የተዝካር ቅዳሜ ሴቶቹ ንፍሮና ሻማ ይዘው ከግድግዳው ሥር ተኮለኮሉ። ፓርቲው ስንት ዓመት ደክሞ ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣቸውን፣ ኒኪፎር በጭንቅላት ሒሳብ መልሶ ሰበሰባቸው፤ ያውም በፓርቲው አዳራሽ።

የፓርቲው ፀሐፊ ጓድ ግሩዬቭ ሠዓሊውን ከነኖራ ባልዲው አስጠሩት።

«አጥፋው! አምስት ሳንቲም አታገኝም!»

ኒኪፎር ያልተከደነው ቤቱ በዓይኑ ላይ ዞረበት። ብሩሹን ኖራ ውስጥ ነክሮ ከኋለኛው ረድፍ ሊጀምር እጁን ሲያነሳ፣ ፀሐፊው ድምፃቸው ተለወጠ።

«ቁም። ያቺ ሻሽ ያሰረችው ማን ናት?»

«እናትዎ ናቸው፣ ጓድ ፀሐፊ። ከፋርማሲው በር ላይ ነው ያገኘኋቸው።»

ፀሐፊው እናታቸውን ያለ ቄስ፣ በማርሽ ባንድ ነበር የቀበሯቸው፤ ለሹመታቸው ሲሉ። ወደ ግድግዳው ቀረቡ።

«ከኋላ ምን ወሸቃት? ወደ ፊት አምጣት።»

ኒኪፎር ብሩሹን አስቀመጠ። «ከፊት ከቆሙ እግር ያስፈልጋቸዋል፤ እግር ካላቸው ደግሞ ሙሉ ዋጋ ነው። ሌሎቹን ካጠፋኋቸውስ እናትዎ ብቻቸውን ወዴት ይገሰግሳሉ?»

«ሒሳብህን አምጣ፣ አንተ የመቃብር አይጥ!»

ክረምት ሳይገባ የኒኪፎር ቤት ተከደነ። የፀሐፊው እናትም በዕድሜያቸው ያላገኙትን የቆዳ ጫማ ተጫምተው ከፊት ቆሙ። በቀጣዩ የተዝካር ቅዳሜ ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የንፍሮ ሳህኖች አንዱ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ካፍቴሪያ ማኅተም ነበረበት። ማን እንዳስቀመጠው የጠየቀ የለም፤ ከተማችን ጨዋ ናት።