ያልተበላሸው ሞኒተር

ምናለ ጎረቤቴ ነው። የእሱን የጥገና ቤትና የእኔን ልብስ ስፌት ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ ሲያነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ። በመካነ ሰላም የማይነሳ ስልክ፣ የሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ፣ ጭስ ያወጣ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ወሬ አይወድም፣ ጉራ አያውቅም። ምናለ ዋሸ ብሎ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እጣላው ነበር። የሰማሁት ግን ከራሱ አፍ ነው።

ምናለን የሚያስመርረው አንድ ነገር ቢኖር መብራት ነው። የእኛ ከተማ መብራት ክፋቱ መጥፋቱ አይደለም፣ አመጣጡ ነው፤ እንደ ተቆጣ በሬ እየዘለለ ይመጣል። ምናለ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ አስነስቶ ነበር። የሰካበት ጠፍጣፋ ስክሪን ሁሉ ግን መብራት ሲመጣ ይቃጠልበታል። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ የሚታይበት የለም። እኔም ዕውሩ እንዴት አደረ እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ምናለ የሚመኘው ስክሪን ጋሽ አሕመድኑር ዘንድ ነበር። ጋሽ አሕመድኑር ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል የሚሠሩ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ከከላላ በበቅሎ የመጣ ባላገር፣ ድንበሩ የተገፋበት፣ ውርስ የተከለከለ፣ አቤቱታውን የሚያስጽፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ኮምፒውተራቸው የጡረታ ዕድሜው ያለፈ ነው። ሞኒተሩም የዱሮው ዓይነት፣ ፊቱ ከመጽሐፍ ብዙም የማይሰፋ፣ ኋላው ግን እንደ ጋን የተነፋ ነው። መብራት ቢዘል ቢወርድ ግድ የለውም። ምናለ እንዲሸጡለት ደጋግሞ ለምኗቸዋል። እሳቸው ደግሞ ሰው ዓይኑን ይሸጣል ወይ ብለው ይስቁበታል።

ጋሽ አሕመድኑር ሌላም ሀብት አላቸው፣ ዱዓቸው። እኛ ወሎዎች ሽማግሌ ሲመርቀን ሃይማኖቱን አንጠይቅም። እስላሙም ክርስቲያኑም አቤቱታውን አስጽፎ ሲያበቃ እጁን ዘርግቶ ይመረቃል። እንዲያውም ለምርቃቱ ሲል ጎረቤቱን የሚከስ ሰው ሳይኖር አይቀርም እላለሁ እኔ።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ሁዳ ከደሴ ስፒከር ገዝታ መጣች፣ ሲሠሩ መንዙማ እንዲያዳምጡ። ደስ ብሏቸው ከሞኒተሩ ጎን ልጥፍ አድርገው አስቀመጡት። ጥቂት ቆይቶ የስክሪኑ ጥግ ወይን ጠጅ ሆነ፤ ከዚያ አረንጓዴ ተጨመረበት። ፊደሉ እዚያ ሲደርስ እየጠፋባቸው ተቸገሩ። ሞኒተሩን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ ምናለ አመጡት።

ምናለ ገና ሲያየው ገብቶታል። አጠገቡ ምን እንዳስቀመጡ ጠየቃቸው፣ ስለ ስፒከሩ ነገሩት። ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ፤ የዱሮ ሞኒተር ማግኔት ሲጠጋው ቀለሙ ይዛባል። መድኃኒቱ ስፒከሩን ማራቅና ሞኒተሩን ጥቂት ጊዜ እያሳረፉ መልሶ መላልሶ ማብራት ነው። ይህንኑ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር።

“ይድናል ወይ ልጄ?” አሉት።

“አይድንም ጋሼ። አልቆለታል።”

ለምን እንዲህ እንዳለ አሁንም አያውቅም። እጁ ሞኒተሩ ላይ ነበር፣ መልቀቅ አቃተው፤ ይኸው ነው ምክንያቱ። በኋላ በመጠኑ ከፍዬ እወስደዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። እሳቸው ግን እንግዲያስ ጀባ ብዬሃለሁ፣ ውሰደው፣ መለዋወጫ ይሁንህ አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ምናለና ሚስቱ ፈንታዬ ከተጋቡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፣ ልጅ ግን አላገኙም፤ ይህን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ጋሽ አሕመድኑር የመረቁትም ለዚሁ ነው። ቤትህ ይሙላ፣ ፈንታዬ ልጅ ትቀፍ፣ ያንተም ደጅ ሕፃን ድክ ድክ የሚልበት ይሁን አሉት። ምናለም እጁን ዘርግቶ ተቀበለ።

ሞኒተሩ በዚያው ቀን ዳነ። እኔ ሲበራ አይቼ እንዴት ሆነልህ ብለው፣ ሞክሬ ነው አለኝ። ጎበዝ ብዬ ትከሻውን መታሁት።

ትንሽ ቆይቶ ባላገሮቹ ወደ እሱ መምጣት ጀመሩ። ጋሽ አሕመድኑር ሥራ ትተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። አቤቱታ የሚያስጽፍ ሲመጣባቸው፣ ምናለ ኮምፒውተር አለው፣ ሰውም አያታልልም፣ ወደ እሱ ሂዱ ይላሉ። ምናለ እምቢ ማለት አልቻለም። የሽማግሌውን እንጀራ በሽማግሌው ሞኒተር ላይ እየጻፈ በላ።

ከዚያ ፈንታዬ አረገዘች። ከተማው ሁሉ የጋሽ አሕመድኑር ዱዓ ነው አለ፤ ወሬውን ካዳረሱት አንዱ እኔ ነኝ። ልጅ ሲያጣ ያልከሳው ሰውዬ ሊያገኝ ሲል ከሳ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ ምናለ ግን ጠላም አይቀምስ፣ ሁሉም ነገር ሆዱ ውስጥ ቀረ። በውሸት የወሰድኩት ዱዓ ዞሮ ልጄ ላይ ቢወድቅስ ይላል በልቡ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ተቆጥተው ዱዓቸውን ቢያነሱብኝስ ይላል። በየትም ቢያዞረው መድረሻው ፈንታዬ ሆድ ውስጥ ያለው ልጅ ነው።

ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ሦስተኛ መንገድ ያገኛል። ታግዬ ጠገንኩት ብሎ ሊመልስላቸው ቆረጠ። አንድ ጠዋት ይዘን ሄድን፤ ትንሽ ቢመስልም ኋላው ይከብዳልና በየመንገዱ እየተቀባበልን ነበር የወሰድነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እኔ ምንም አላውቅም።

ሁዳ ኮምፒውተሩን ከተቀመጠበት አወጣችው፣ ምናለ ሰካካው። ስክሪኑ ድም ብሎ በራ፣ ጥርት ያለ። ጋሽ አሕመድኑር ተጠግተው ያንን ጥግ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልቆለታል ያልከውን ለእኔ ብለህ ደክመህ አዳንከው አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ሁዳም እኔም ዘረጋን።

በእኛ አገር ዱዓ ተጀምሮ ሕፃን ቢያለቅስ እንኳ ይዘውት ይወጣሉ። ያቋረጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ምናለ ግን ተነሳና የሽማግሌውን ሁለት እጆች ይዞ ወደ ታች አወረዳቸው። ሁዳ ደንግጣ ቆመች። እኔ አበደ ብዬ ክንዱን ጨበጥኩት።

“አይመርቁኝ ጋሼ። አልተበላሸም ነበር። ስፒከሩን ቢያርቁት ይድን ነበር። እያወቅሁ ነው የዋሸሁዎ።”

ከዚያ ሁሉንም እንደ ሆነው ተናገረ፤ ጉልበታቸው ላይ ወድቆም የልጁን ዱዓ እንዳያነሱበት ለመናቸው። ጋሽ አሕመድኑር እጃቸውን ከእጁ ቀስ ብለው አወጡ።

“ደጅ ላይ የተቀመጥኩት አርጅቻለሁ ብዬ ነው” አሉት። “እቃው ሲያልቅ የእኔም አልቋል ብዬ። አንተ ነህ ያስረጀኸኝ።” ቀጠሉና፣ “ለልጁ ያልኩት የልጁ ነው፣ አይነሳም። በእሱ አብሽር፣ አትስጋ። አንተን ግን መመረቅ አልችልም፣ አንደበቴ እሺ አይለኝም።”

ወጣን። መንገድ ላይ አላናገርኩትም። አፍሬበታለሁ፣ ጎበዝ ብዬ ትከሻውን በመምታቴም በራሴ አፍሬያለሁ። ያን ሰሞን ሲያነጥስም ዝም አልኩት።

ጋሽ አሕመድኑር ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምናለ በዚያ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሰላምታውን ይመልሳሉ፣ ከዚያ ወደ ጽሕፈታቸው ነው።

ፈንታዬ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ገንፎ ልንቀምስ ተሰብስበን ሳለ ጋሽ አሕመድኑር ከሁዳ ጋር ገቡ። ምናለ ወንበር ለመሳብ ሲንደረደር ሊወድቅ ነበር። ሽማግሌው ሕፃኗን ታቀፏት፣ እጃቸውንም ዘርግተው መረቁ። ልጅቱን መረቁ፤ ዕድሜ፣ ጤና፣ መልካም ዕጣ። እናቲቱን መረቁ። ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ እኔን ሳይቀር መረቁኝ። ከዚያ ፊታቸውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ዱዓውን ዘጉ።

ምናለ እስከ አጥሩ በር ሸኝቷቸው ተመለሰ። ፈንታዬ ልጇን እንዳቀፈች ቀና ብላ አየችው።

“አንተን ረሱህ እኮ” አለችው።

“አልረሱኝም” አለ።