እትዬ ቀስ እና መብራት የሚጠፋበት ቤት

ሰፈሩ «እትዬ ቀስ» ይላታል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት፤ ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ሰው ጨንቆት «ቶሎ በይ እንጂ» ሲላት፣ «ቀስ፤ መጀመሪያ ቤቱን እንጠይቀው» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌርና ባለቤታቸው አስጠሯት። ቤታቸው ያረጀ ነው፤ መብራቱ ሳይታሰብ ድርግም ይላል። በዚሁ ሰበብ ባልና ሚስቱ ከተኮራረፉ ሰንብተዋል።

«የሷ ካውያ ነው» አሉ ሾፌሩ።

«የሱ ሬዲዮ ነው እንጂ። ቀኑን ሙሉ ሲያንጫርር ይውላል» አሉ ሚስታቸው።

ከእትዬ ቀስ በፊት የመጡት ባለሙያዎች አንዱ ብሬከሩን፣ ሌላው ሶኬቶቹን ቀይረው ሄደዋል።

እትዬ ቀስ ካውያውንም ሬዲዮውንም ነቀለች። ሶኬቶቹን በቴስተር አንድ በአንድ ለካች፤ ደህና ናቸው። ኮርኒስ ውስጥ ገብታ አየች፤ የተቃጠለ ነገር የለም። ሌላ ቢሆን እጁን አራግፎ ይሄድ ነበር። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ አብዛኛውን ጊዜ መቼ ነው የሚጠፋው?»

«እሱ ከውጭ ሲገባ። እግሩ ደረቅ ነው መሰለኝ።»

«አባባ፣ እስቲ ይውጡና እንደ ወትሮዎ ይግቡ።»

ሾፌሩ ወጥተው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የመኪና በር ሲዘጉ የኖሩ ናቸውና የቤቱንም በር ድው አድርገው ዘጉት። መብራቱ ጠፋ።

ሚስታቸውን ሳቅ አመለጣቸው። «አላልኩም? እሱ ነው።»

«ቀስ ይበሉ እማማ። እሳቸው አይደሉም።»

ዋናውን ማጥፊያ አውርዳ የበሩን መቃን ልባጥ በካቻቢቴ ፈልቅቃ አሳየቻቸው። ወደ በረንዳው መብራት የሚሄዱት ሽቦዎች ሽፋናቸው ከእርጅና ብዛት ተፈረካክሷል፤ በሩ በተናጋ ቁጥር እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ይወርዳል።

«በናስትሮ ጠቅልለሽ ተገላገይው» አሉ ሾፌሩ።

«ዛሬ ብጠቀልለው ነገ እሳት ያስነሳል አባባ። ሰው ተኝቶ የሚያድርበት ቤት እኮ ነው።»

አሮጌውን መስመር እስከ መነሻው መዝዛ አወጣችና አዲስ ሽቦ አስገባች። አቧራው ቅንድቧን አነጣው። ስትጨርስ ዋናውን ማጥፊያ መልሳ ከፍታ፣ ሾፌሩን በሩን ደጋግማ አስዘጋቻቸው። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

«በከንቱ ነው ለካ ስወቅስህ የከረምኩት» አሉ ሚስታቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔስ ብሆን» አሉ ሾፌሩ።

እትዬ ቀስ ዕቃዋን ለመሰብሰብ አልቸኮለችም። እስኪታረቁ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ቀድሞም ንጹሕ የነበረውን ፒንሳ ትወለውል ጀመር።