የተከራዬ ፉርሽካ

ይህ የሆነው መገናኛ ለባቡሩ ተቆፋፍሮ ሁላችንም አቧራ ስንለብስ በከረምንበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ ጥፋተኛዋ እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ቀበና ውስጥ ዱቄትና ሽሮ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት በእሷ ነው። ከጓሮ ያለችውን ክፍል ናትናኤል ለሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ወጣት አከራየሁት። ጨዋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም። እኔ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ ሰው አላምንም።

በየሳምንቱ ከእኔው ሱቅ ፉርሽካ ይገዛል። ላም የለው፣ በግ የለው፣ ዶሮ እንኳ የለው! "ምን ያደርግልሃል?" ስለው "ለትንሽ ሥራ ነው እትዬ" ብሎ ይስቃል። እሁድ እሁድ እንጦጦ ይወጣል። አንዴ የተሸፈነ ካርቶን አቅፎ ሲመለስ አየሁት። በሩን ሁልጊዜ ይቆልፋል። ጆሮዬን ለጥፌ ሳዳምጥ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም።

በዚያው ሰሞን አንዲት ደንበኛዬ የገዛችውን ዱቄት መልሳ አመጣችው። ቢጫ ትል ይርመሰመስበታል። በሳምንቱ ሌላዋ መጣች። ወሬው ሰፈር ከገባ ሱቄ አለቀላት፤ ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው?

አንድ ቀን ሳይቆልፍ ወደ ግቢው ቧንቧ ሲሄድ ዘው ብዬ ገባሁ። አልጋው ሥር ያሉትን የፕላስቲክ ሳጥኖች ስከፍት ያው ቢጫ ትል ፉርሽካው ውስጥ ይተራመሳል። ላዩ ላይ ካሮት ተቆራርጦ ተበትኗል። ቀና ስል መስኮቱ ሥር፣ ሽቦ ቤት ውስጥ፣ ሁለት እስስቶች ዓይናቸውን እያዞሩ ያዩኛል። ጩኸቴን አቀለጥኩት።

ጎረቤት ግር ብሎ መጣ። "መተተኛ ነው!" ያለም ነበር። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በላቸው ሰዉን ዝም አሰኝተው ናትናኤልን ጠየቁት።

"እስስቶቹን ወድጃቸው ነው የማሳድጋቸው ጋሼ። ትሉን የማረባው ለእነሱ ምግብ ነው።"

"ትሉንስ መጀመሪያ ከየት አመጣኸው?"

ናትናኤል አንዴ እኔን አየኝ። "ከገበያ" አለ ቀስ ብሎ። "ይቅርታ እትዬ።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ክፍሉን ለቀቀ። እኔም ለደንበኞቼ ሁሉ ትሉን ያመጣብኝ እሱ ነው እያልኩ አወራሁ።

ትሉ ግን አብሮት አልሄደም። ከወር በኋላ ዱቄቴ እንደገና ተበላሸ። ግራ ቢገባኝ ዕቃ ቤቴን ማጽዳት ጀመርኩ። ከዱቄቱ ጎን የሚቀመጠውን፣ ለናትናኤል እዝቅለት የነበረውን የፉርሽካ ጆንያም ገለበጥኩት። ሲጎድል ከላይ እየሞላሁበት ሥሩን አይቼው አላውቅም ነበር። ሥሩ ትል በትል ነው፤ አንዳንዱም ጥቁር ጥንዚዛ ሆኗል። ቁጭ አልኩ።

ልጁ ትሉን ያገኘው ከእኔው ፉርሽካ ውስጥ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ከእትዬ ሱቅ" ቢል ኖሮ በዚያው ቀን ሱቄ ትዘጋ ነበር። እያወቀ ስድቡን ተሸክሞልኝ ሄደ።

ወዲያው ጋሽ በላቸው ዘንድ ሄጄ "ተሳስቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጆንያውን አቃጥዬ አፌን ያዝኩ። ልጆቼ አድገዋል፤ ሱቄም አለች። በራሴ ግን አፍራለሁ። ዛሬም ሰፈር ውስጥ ስሙ ሲነሳ "ያ መተተኛ" ይሉታል። እኔም እሰማለሁ፤ ቀና ሳልል ዱቄቴን እመዝናለሁ።