ሦስተኛው ጠርሙስ

የልጅ ልጄ ሳምራዊት ስምንተኛ ክፍል ናት። እናቷ፣ ልጄ ማርታ፣ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም ይላል መምህሯ ዮሴፍ። ቤትም ቢሆን ካልጠየቅኳት አትናገርም። ባለፈው ሚያዝያ «እማማ፣ የሳይንስ ፕሮጀክቴን በእርሾ ልሠራ ነው፤ ክፍል ፊት ቆሜ አቀርባለሁ» ስትለኝ የያዝኩትን ወንፊት አስቀመጥኩ።

ማርታ ለጀውሃ ከተማ ምግብ ቤቶች ዳቦ እየጋገረች ነበር ያሳደገቻት። የእሷ እርሾ ዛሬም በእኔ ማሰሮ ውስጥ አለ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት እርሾ ቶሎ ይበላሻል። በየሁለት ቀኑ ዱቄት እያበላሁ፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለልኩ ነው ያቆየሁት።

ሳምራዊት ከዚያ እርሾ ቆንጥራ በሦስት የለስላሳ ጠርሙስ በስኳር ውሃ በጠበጠች፤ አንዱን በቀዝቃዛ፣ ሁለተኛውን ለብ ባለ፣ ሦስተኛውን በጣም በሞቀ ውሃ። አፋቸው ላይ ፊኛ አሰረች።

«እርሾ ሕይወት አለው። ትንፋሹ ፊኛውን ይነፋዋል፤ ሦስተኛው ግን ይሞታል» አለችኝ። «እኔ ትምህርት ቤት ስሆን አንቺ እያየሽ ትጽፊልኛለሽ።»

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ፣ እሷ አንደኛ ክፍል ስትገባ አብሬያት ነው። ሌላ ሰው የሚያነበው ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር።

በአራት ሰዓት የሁለተኛው ፊኛ ቀና አለ። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ተከተለው። ሦስተኛው እንደ አሮጊት ጡት ተንጠልጥሎ ቀረ። በስድስት ሰዓት አላስቻለኝም። እኛ ቤት እርሾ ዝም ካለ ከማሰሮው ጨምረን እናስነሣዋለን እንጂ ሲሞት ቆመን አናይም። ውሃው በርዷል። ፊኛውን ፈታሁ፣ አንድ ማንኪያ ጨመርኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ማታ አካባቢ ደብተሯ ላይ «ሦስቱም ተነሡ» ብዬ ጻፍኩ።

በማግሥቱ አቅርባ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። አብሯት የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ በረከት ባጥር በኩል «የማይሞተው እርሾ! ለኛም ቤት ቆንጥሪልን እንጂ!» እያለ ይስቃል። ክፍሉ ሁሉ ስቆባታል። መምህሩ «አይተሽ ነው ወይስ ፈጥረሽ?» ሲላት «እማማ አይታለች፤ እማማ አትዋሽም» ብላ ተከራክራለች። ሰኞ ደግመሽ አቅርቢ ብሏታል።

«አልደግምም» አለችኝ። «ያየሽውን ነው አይደል የጻፍሽው?»

እውነቱን ነገርኳት።

«ለምን?»

«የማርታ ነው፤ ሲሞት ማየት አቃተኝ።»

«እኔም እኮ እማማ፣ የሞቀውን ውሃ የጨመርኩበት ዓይኔን ጨፍኜ ነው» አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው።

እሑድ ጠርሙሶቹን እንደገና አዘጋጀች። ማሰሮውን ከድኜ ጓዳ አስገባሁትና እሷ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሦስተኛውን እያየሁ እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ከተትኩ። በስድስት ሰዓት ጻፍኩ፦

«ሁለተኛው ተነሣ። የመጀመሪያው ትንሽ ተነሣ። ሦስተኛው አልተነሣም። ያን ጊዜ የተነሣው እኔ እርሾ ስለጨመርኩበት ነው። ልጅቷ አልዋሸችም። ይህን የጻፍኩት እኔ አያቷ ፈለቀች ነኝ።»

ስትመለስ ቆማ አነበበችው። ጓዳ ገብታ ማሰሮውን አወጣች፤ አንድ እፍኝ ዱቄት ጨመረችበት። እርሾው ዱቄት የሚበላበት ቀን ነበር።